ፍሬን አለቃቀቅ ስማር ኩርባው ቀለለኝ

የመኪና እሽቅድምድም ስጀምር ኩርባ ላይ ፈጣን ሰው ማለት ፍሬን አዘግይቶ የሚይዝ ይመስለኝ ነበር። ሌሎቹ ከሚይዙበት አልፌ እረግጣለሁ፤ ከዚያ መሪውን እጠመዝዛለሁ። መኪናዋ ግን እሺ አትለኝም። የፊት ጎማዎቹ እየጮሁ ወደ ውጭ ትሄዳለች። እስክትስተካከል ነዳጅ መስጠት አልችልም። ከፊቴ ያለው ቀጥታው መንገድ ላይ ጥሎኝ ይሄዳል።

አንድ ቀን አሰልጣኜ ጎኔ ተቀመጠ። ሦስት ዙር ምንም አልተናገረም። በአራተኛው፣ "መሪውን ተወው፤ ችግሩ እግርህ ነው" አለኝ።

እውነቱን ነበር። ፍሬኑን የምለቀው እሳት እንደነካው ሰው ድንገት ነው። ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማዎች ይጫናል፤ ጎማ ደግሞ መሬት የሚቆነጥጠው ሲጫነው ነው። ድንገት ስትለቅ አፍንጫዋ ብድግ ይላል። እኔ ልታጠፍ ስል፣ የሚያጥፉኝን ጎማዎች አቀልላቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ፍሬን ቀደም ብዬ መያዝ ጀመርኩ። ይሄ ለኩራቴ ከበደኝ፤ ግን ለእግሬ ጊዜ ሰጠው። መጀመሪያ ጠንከር አድርጌ እረግጣለሁ። መሪው መዞር ሲጀምር እግሬን በትንሽ በትንሹ አነሳለሁ። የጎማ አቅም አንድ ነው፤ ለፍሬን ያዋልከው ለመታጠፍ አይተርፍም። ከባዱ ፍሬኑን ስትለቅ የመጨረሻዋ ቅንጣት ናት፤ ፔዳሉ የእግርህን አውራ ጣት ገፋ የሚያደርግባት። ሶሉ ስስ የሆነ ጫማ እስካደርግ ድረስ እሷን ጨርሶ አልሰማትም ነበር።

አንዴ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። ኩርባው ውስጥ ገብቼም ፍሬኑን አጥብቄ ቆየሁ። የቀለሉት የኋላ ጎማዎች ከዱኝ፤ መኪናዋ ዞራ ወደ መጣሁበት አቅጣጫ ቆመች። ያን ቀን ልቤ እስኪረጋ ሁለት ዙር በዝግታ ነዳሁ።

ዓይንም ወሳኝ ነው። የኩርባውን ውስጠኛ ጫፍ ካየሁ በኋላ ቶሎ ወደ መውጫው እመለከታለሁ፤ እጄ ራሱ ይከተላል።

ስግብግብነት ሲመጣብኝ አንድ ሂሳብ አስታውሳለሁ፦ በዚያው ኩርባ 10 በመቶ ስትፈጥን ጎማው የሚሸከመው የጎን ኃይል 21 በመቶ ይጨምራል።

አሁን ኩርባ ስገባ ጎማው አይጮህም፤ ዝቅ ያለ እርር የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል። መሪውን አንዴ አዞራለሁ፤ መውጫው ሲታየኝ እግሬ ነዳጁ ላይ ነው።