እንገሩ ከመደፋቱ በፊት

ስለ ጡት ማጥባት የምናስተምረው አርፍደን ነው፤ ይህ ሐሳብ ሰሞኑን አልለቅ ብሎኛል። የመጀመሪያ ልጇን የወለደች እናት ደክማ፣ ስፌቱ እያመማት፣ ቤቱ በጠያቂ ተሞልቶ ሳለ የሚነገራት ምክር ከጆሮዋ አያልፍም። ትምህርቱ እርግዝናው ሳይገፋ፣ በቅድመ ወሊድ ክትትልና በነፍሰ ጡሮች ኮንፈረንስ ላይ ቢጀመር ይሻላል። ለእሷ ብቻም መሆን የለበትም። በአራስ ቤት ቃሏ የሚሰማው ብዙ ጊዜ የምታርሳት እናቷ ወይም አማቷ ናት። እንገሩን፣ ማለትም ከወሊድ በኋላ መጀመሪያ የሚወጣውን የጡት ወተት፣ "ያደረ ወተት ነው" ብላ የምታስደፋውም፣ ሕፃኑን ቅቤ የምታልሰውም እሷው ናት። የምታደርገው በፍቅር ስለሆነ ወቀሳ አይመልሳትም፤ ምክንያቱ ሲገባት ግን ከማንም በላይ ታግዛለች።

ምክንያቱ ይኸው ነው። እንገር ጥቂት፣ ወፍራምና ቢጫማ ነው፤ ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል ንጥረ ነገር በብዛት ይዟል። ማነሱ ጉድለት አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን ሕፃኑ በአንድ ጊዜ የሚጠባው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ጡት በወተት የሚሞላው ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ ሕፃኑ ሲያለቅስ "ወተት የላትም" ይባልና ስኳር ውሃ ይሰጠዋል። ሆዱ በውሃ ስለሞላ ይተኛል፤ አይጠባም። ጡት ደግሞ ወተት የሚሠራው በተጠባ መጠን ነው። ካልተጠባ ይቀንሳል፤ ውሸት የነበረው ወሬ እውነት ይሆናል። ይህን ማየት ያሳዝነኛል። ከተወለደ በ1 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጀምሮ፣ ቀንና ሌሊት በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ማጥባት ብቻ ይህን ያስቀራል።

አያያዙ በቃል ብቻ አይገባም፤ በአሻንጉሊትና በጨርቅ በተሠራ ጡት እናትየዋ ራሷ እየሞከረች መማር አለባት። የሕፃኑ ጭንቅላትና ወገብ ቀጥ ብሎ፣ ሆዱ ከእናቱ ሆድ ይገጥማል። አፉን በደንብ እስኪከፍት ተጠብቆ እሱ ወደ ጡቱ ይመጣል፤ እናትየዋ ወደ እሱ አትጎንበስ። አገጩ ጡቱን ይነካል፣ የታች ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ ከጡቱ ጥቁር ክፍል ከላይ በኩል የሚታየው ከታች ካለው ይበዛል። ጫፉን ብቻ ከያዘ ጡቱ ይቆስላል፤ ወተቱም በደንብ አይወጣም። ያኔ መጎተት ሳይሆን ንጹሕ ትንሽ ጣትን በአፉ ጥግ አስገብቶ ማስለቀቅና እንደገና ማስያዝ ነው።

"መጥገቡን በምን ልወቅ?" ለሚለው ጥያቄ ልቅሶ መለኪያ አይሆንም። ከ5ኛው ቀን ጀምሮ በቀን 6 እና ከዚያ በላይ ጨርቅ ካራሰ፣ ጥቁሩ ዓይነ ምድር ወደ ቢጫ ከተለወጠ በቂ እያገኘ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ በ2 ሳምንት አካባቢ ይመለሳል። ቅናሹ ከ10 በመቶ ካለፈ፣ ወይም ሕፃኑ ለመጥባት እንኳ የማይነቃ ከሆነ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። የእናትየዋ ጡት ቀልቶ ትኩሳት ካላትም እንዲሁ፤ ማጥባቱን ግን አታቋርጥ።

ተቀጥራ ለምትሠራ ሴት አንድ ነገር ይጨመር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 90 ቀን ነው፤ ጡት ብቻ የሚጠባበት ጊዜ ግን 6 ወር። ስለዚህ በእጅ ማለብን ፈቃዷ ሳያልቅ ትልመድ። የታለበው ወተት ሙቀት በሌለበት ክፍል 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ቤት የምትቀረው ሞግዚት ወይም አያት ደግሞ በጡጦ ሳይሆን በንጹሕ ስኒ ማጠጣትን ከእሷ ጋር አብራ ትለማመድ።