ኢንጀክተሩ ከመገዛቱ በፊት፦ የአሮጌ ቪትዝና ያሪስ ቤንዚን መርጫ ምርመራና ቅየራ

አሮጌ ቪትዝ ወይም ያሪስ መብራት ላይ ቆሞ መሪው እስኪርገበገብ ሲንቀጠቀጥ፣ ዳገት ላይ ሲያንቀው፣ ከማርሚታው ጥሬ ቤንዚን ሲሸት ቶሎ የሚሰጠው ፍርድ «ኢንጀክተር ነው፣ ቀይረው» የሚል ነው። አንዳንዴ ትክክል ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የካንዴላ፣ የኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዕቃ)፣ አየር የሚያሾልክ ላስቲክ ወይም የደከመ የቤንዚን ፓምፕ ሆኖ ይገኛል። አራቱም ኢንጀክተር ተገዝቶ፣ ተቀይሮ፣ መኪናው እንደዚያው ይንቀጠቀጣል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከታገደ ወዲህ ያለውን አሮጌ መኪና ማቆየት የግድ ስለሆነ፣ በግምት ዕቃ መቀየር ከበፊቱ የባሰ ኪሳራ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች የቶዮታ 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ሞተር ናቸው፤ 1.5 ሊትሩ ማለት ነው። ሌላ ሞተር ያለው ሰው ቁጥሩን ከመኪናው ማኑዋል ይውሰድ። የምርመራው ቅደም ተከተል ግን ያው ነው።

ኢንጀክተር በውስጡ ጥቅል ሽቦና መርፌ ያለው ትንሽ ቫልቭ ነው። ቁልፉ ሲከፈት በአንደኛው ሽቦ 12 ቮልት ሁልጊዜ ይደርሰዋል። ኮምፒውተሩ የሚሠራው ሌላኛውን ሽቦ ከኔጋቲቭ ጋር ማገናኘትና መልቀቅ ነው። በተገናኘባት ቅጽበት መርፌው ይነሣል፣ ቤንዚኑ እንደ ጉም ይረጫል። በሚኒሞ ጊዜ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ፣ የሚከፈተው ለ2 ወይም 3 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቀዳዳው ላይ የጋገረ ስስ ቆሻሻ እንኳ የሚረጨውን መጠን ያዛባዋል። መኪናው ሲቆም ሞተሩ ግለት ላይ እያለ ጫፉ ላይ የቀረችው ቤንዚን ትተንና ሙጫ የመሰለ ነገር ትተዋለች። አጭር መንገድ እየሄደ ቶሎ ቶሎ የሚጠፋ የከተማ መኪና በዚህ ይጠቃል። በጀሪካን ተገዝቶ የከረመ ቤንዚን ደግሞ ውሃና አቧራ ይዞ ይመጣል፤ ውሃው መርፌውንና መቀመጫውን ያዝገዋል።

የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው፤ ምልክታቸውም ይለያያል። የተደፈነ ኢንጀክተር ያለበት ሲሊንደር ቤንዚን ያንሰዋል፦ ካንዴላው ነጣ ብሎ ይወጣል፣ ሞተሩ ዳገት ላይ ይሰንፋል፣ ሚኒሞው ይዘላል። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ተቃራኒው ነው፦ አንዱ ካንዴላ ብቻ ጥቁርና እርጥብ ይሆናል፣ ሞተሩ ሞቆ ጠፍቶ ከ20 ደቂቃ በኋላ ሲነሣ ብዙ ይታሻል (ቁልፉ ተይዞ በማስነሻው ብዙ ይዞራል)፣ ሲነሣም ጥቁር ጭስ ይተፋል። ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ብልሽት ነው፤ ሽቦው ተቃጥሎ ወይም ሶኬቱ ዝጎ ሲሊንደሩ ጨርሶ ይሞታል፣ ሞተሩ በሦስት ይሠራል።

ምርመራው የኮምፒውተሩን የብልሽት ኮድ ከሚያነበው ስካነር ይጀምራል። ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኘው ርካሹም ይበቃል። ፒ0301 እስከ ፒ0304 የሚሉት ኮዶች የትኛው ሲሊንደር እንደሚስት ይናገራሉ፤ ፒ0302 ካለ ሁለተኛው ነው። ሲሊንደሮቹ የሚቆጠሩት ከቺንጋው በኩል ነው። ኮዱ የሚለው «ይህ ሲሊንደር አልተቃጠለም» ነው እንጂ «ኢንጀክተሩ ተበላሽቷል» አይደለም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ገንዘብ የሚባክነው። የሁለተኛውን ኮይል ከሦስተኛው ጋር አቀያይሮ፣ ኮዱን አጥፍቶ ትንሽ መንዳት ነው፤ ኮዱ ወደ ፒ0303 ከተዛወረ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው። ካልተዛወረ ካንዴላውን በተመሳሳይ መንገድ ማቀያየር። ሁለቱም ከደሙ ንጹሕ ከሆኑ ኢንጀክተሩን መጠርጠር ይቻላል።

ፒ0171 ከመጣ ኮምፒውተሩ ቤንዚን እንዳነሰ ቆጥሮ እየጨመረ ነው። ስካነሩ ላይ የረጅም ጊዜ የነዳጅ ማስተካከያውን (ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን በስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳየውን ቁጥር) ማየት ያስፈልጋል። በሚኒሞ ከ+10 በመቶ በላይ ሆኖ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ሲያዝ ወደ ዜሮ የሚወርድ ከሆነ የሆነ ቦታ አየር እየሾለከ ነው፤ የማኒፎልድ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባው ቧንቧ) ጓርኒሲዮንና የቫኪዩም ጎማዎች ይታዩ። በሚኒሞ ደህና ሆኖ ጭነት ሲበዛ የሚጨምር ከሆነ ግን ወይ ኢንጀክተሮቹ ተደፍነዋል፣ ወይ ፓምፑ ደክሟል። እነዚህን ሁለቱን የሚለየው የግፊት መለኪያ ብቻ ነው።

ትክክለኛው የቤንዚን ግፊት ከ304 እስከ 343 ኪሎፓስካል ነው፣ ማለትም ከ44 እስከ 50 ፒኤስአይ። ሞተሩ ከጠፋ ከ5 ደቂቃ በኋላም ቢያንስ 147 ኪሎፓስካል፣ ማለትም 21 ፒኤስአይ መቅረት አለበት። የዚህ ሞተር የቤንዚን ቧንቧ (ኢንጀክተሮቹ የተሰኩበት) ላይ የመለኪያ ቀዳዳ ስለሌለ ጌጁ ከቧንቧው መግቢያ በማገናኛ መገጠም አለበት። ግፊቱ ከሥር ጀምሮ ዝቅ ያለ ከሆነ ኢንጀክተሮቹን አትንኩ። ፓምፑና ፊልትሮው ሰርባቶዮ (የቤንዚን ታንከር) ውስጥ ናቸው፤ የኋላ ወንበር ተነሥቶ ይደረስባቸዋል። ፓምፑ ጫፍ ላይ ያለችው መረብ በጭቃ ተደፍና የተገኘችበት «የኢንጀክተር ችግር» ብዙ ነው።

ሲሊንደሩ የማይቃጠለው ኮምፕረሽኑ (አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት) አንሶም ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሲለካ ግን አዲስ አበባ ላይ አንድ ስህተት ይደጋገማል። ማኑዋሉ 1,471 ኪሎፓስካል (213 ፒኤስአይ) ይላል፣ ዝቅተኛው 1,079 (156) ነው። ያ ቁጥር የባሕር ጠለል ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ሳስቶ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሚሆን፣ ጤነኛ ሞተር 160 ፒኤስአይ አካባቢ ቢያሳይ ሊገርም አይገባም፤ በዚህ ብቻ «ፒስተን በልቷል» ተብሎ ሞተር መፍታት በደል ነው። ዋናው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ98 ኪሎፓስካል፣ ማለትም ከ14 ፒኤስአይ መብለጥ የለበትም።

አሁን ወደ ኢንጀክተሩ። ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን ኢንጀክተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮ ላይ አድርጎ ማዳመጥ የድሮ ብልሃት ቢሆንም ዛሬም ይሠራል። አራቱም እኩል «ጠቅ ጠቅ» ማለት አለባቸው። ዝም ያለው ወይ ኤሌክትሪክ አይደርሰውም ወይ ተጣብቋል፤ ድምፁ የደበዘዘው ቆሽሿል። ቀጥሎ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የኢንጀክተሮቹን ሶኬት አንድ በአንድ መንቀል። ሲነቀል ዙሩ የወረደበት ሲሊንደር ይሠራ ነበር፤ ምንም ያልተለወጠበት እርሱ ነው የሞተው። ለዚህ ፈተና የኮይል ሶኬት አይነቀልም፤ ኮይል ሲነቀል ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ገብቶ ካታሊስቱን (የጭስ ማጽጃውን) ያቃጥላል።

ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ የኢንጀክተሩ ሁለት እግሮች በቴስተር ሲለኩ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ13.4 እስከ 14.2 ኦም ማሳየት አለባቸው። ሞተሩ ሞቆ ከተለካ ከፍ ይላል፤ ብልሽት አይደለም። ምንም የማያነብ ሽቦው ተበጥሷል፣ በጣም ዝቅ ያለው ውስጥ ለውስጥ ተነካክቷል፤ ሁለቱንም እጥበት አያድናቸውም። ንባቡ ደህና ሆኖ ኢንጀክተሩ ዝም ካለ ሶኬቱ ላይ 12 ቮልት መድረሱ ይታይ። ከደረሰ ትንሽ የኤልኢዲ መፈተሻ መብራት ሶኬቱ ላይ ሰክቶ ሞተሩን ማስነሣት ነው፤ ብልጭ ብልጭ ካላለ ችግሩ ከሽቦው ወይም ከኮምፒውተሩ ነው።

ለመፍታት መጀመሪያ ግፊቱ መውረድ አለበት። የኋላ ወንበር ስር ያለውን የፓምፑን ሶኬት ነቅሎ ሞተሩን ማስነሣት፤ ቧንቧው ውስጥ የቀረውን ጨርሶ ራሱ ይጠፋል። አንዴ ደግሞ ማሸት፣ ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ መንቀል። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ሲጋራ አይኑር፣ የእሳት ማጥፊያ አጠገብ ይኑር።

የአየር ማጣሪያው ቤት ይነሣል። ከዚያ ማንም የማይወደው ግን የማይዘለል ሥራ አለ፦ ኢንጀክተሮቹ ቴስታታው (የሞተሩ አናት) ላይ የገቡበትን ዙሪያ በኮምፕሬሰር አየርና በብሩሽ ማጽዳት። እዚያ የተከማቸው አሸዋ ኢንጀክተሩ ሲነቀል በቀዳዳው ገብቶ ቫልቭ ላይ ያርፋል። የቤንዚን ቱቦው ማገናኛ በእጅ ተጨምቆ ይሳባል፤ በፒንሳ የተነካ ፕላስቲክ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ደግሞ የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ይረጫል። የቧንቧው ብሎኖች ተፈትተው ቧንቧው ከአራቱ ኢንጀክተሮች ጋር ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይሳባል። ከቧንቧው ስር ያሉት ትንንሽ ስፔሰሮች (ማራራቂያዎች) እንዳይወድቁ። ቀዳዳዎቹ ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ይደፈኑ፤ ኢንጀክተሮቹም የየትኛው ሲሊንደር እንደሆኑ ምልክት ይደረግባቸው።

መንጠባጠብ የሚረጋገጠው ከቧንቧው ሳይነጠሉ ነው። ቱቦው፣ የፓምፑ ሶኬትና ባትሪው ተመልሰው ተገጥመው፣ የኢንጀክተሮቹ ሶኬት እንደተነቀለ፣ ፓምፑ ሲሠራ ጫፋቸው ይታያል፤ በ12 ደቂቃ ከ1 ጠብታ በላይ የጣለ ይወገዳል። የኮይሎቹም ሶኬት መነቀል አለበት፤ ክፍት ቤንዚን ባለበት ብልጭታ ሞት ነው።

ተደፍነው ከሆነ ከመግዛት በፊት በአልትራሳውንድ ማሽን ማሳጠብ ይቀድማል። ቁም ነገሩ ከእጥበቱ በፊትና በኋላ አራቱም በመስታወት ቱቦ ላይ ተረጭተው መጠናቸው መነጻጸሩ ነው። ይህን ሳያሳይ «አጥቤዋለሁ» የሚል ባለሙያ ምን እንዳጠበ አይታወቅም። አናታቸው ላይ ያለችው ትንሿ የውስጥ ፊልትሮ ከእጥበቱ በኋላ በአዲስ ብትተካ ይመረጣል። በባትሪ እየከፈቱ የካርቡራቶር ስፕሬይ መንፋት የሚባለው ዘዴ አይበጅም፤ የሽቦ ብልጭታና ተቀጣጣይ ስፕሬይ አንድ ላይ ናቸው። ሰርባቶዮ ውስጥ የሚጨመረው ማጽጃ ቀላል ቆሻሻ ያነሣል፤ የሚያንጠባጥበውን ወይም የተበጠሰውን አይጠግንም።

መግዛት ግድ ከሆነ አሮጌውን ይዞ አዲስ አበባ ያለው የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ መሄድ ነው። የሚነጻጸረው መልኩ ሳይሆን የተጻፈበት ቁጥር ነው። ሶኬቱም ቁመቱም አንድ ሆኖ የሚረጨው መጠን የሚለያይ ሞልቷል፤ ሦስት ከአንድ ወገን፣ አንድ ከሌላ ሲገጠም ሞተሩ በፍጹም አይረጋጋም። አዲስ ነው ተብሎ ከሚሸጥ ፎርጅድ ይልቅ፣ ተረጭቶ የተለካ ያገለገለ ኦርጅናል ይሻላል።

ሲገጠም የሚያበላሸው ትንሹ ዕቃ ነው፤ ኦሪንግ የሚባለው የጎማ ቀለበት። አሮጌው ደርቆ ጠፍጥፏል፣ ተመልሶ አይገባም። አዲሱ ቤንዚን የሚችል ይሁን፤ የውሃ ቧንቧ ጎማ በቤንዚን አብጦ ይፈርሳል። ንጹሕ ቤንዚን ወይም ቀጭን ዘይት ይቀባል፤ ግሪስና ሲሊኮን አይነካውም። ኢንጀክተሩ ግራና ቀኝ እየዞረ ወደ ቧንቧው ይገፋል። ገብቶ ካለቀ በኋላ በጣት መዞር አለበት፤ ካልዞረ ኦሪንጉ ተጣጥፏልና አውጥቶ በሌላ አዲስ መተካት። የታችኞቹም ጎማዎች ይቀየሩ፤ እዚያ አየር ከሾለከ ያ ሁሉ ምርመራ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ትልልቆቹ ብሎኖች በ19 ኒውተን ሜትር፣ ትንሿ በ9 ይጠበቃሉ። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ በጉልበት የተጠበቀ ብሎን ጥርሱን ይዞ ይወጣል።

የፓምፑ ሶኬትና ባትሪው ተመልሰው ይገጠማሉ፤ ከማስነሣት በፊት ግን ማሾለክ አለማሾለኩ ይታያል። በነዚህ ቶዮታዎች ፓምፑ የሚሠራው ሞተሩ ሲታሽ ስለሆነ ቁልፍ ብቻ ከፍቶ መጠበቅ አያሳይም። የኢንጀክተሮቹን ሶኬት ሳይሰኩ ሁለት ሦስት ጊዜ ለ3 ሰከንድ ማሸት፣ ከዚያ በባትሪ መብራት እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ማየትና በጣት መዳሰስ። ደረቅ ከሆነ ሶኬቶቹ ይሰካሉ፣ ሞተሩ ይነሣል።

ባትሪው ስለተነቀለ ኮምፒውተሩ የለመደውን ረስቷል፤ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ ሚኒሞው ቢወዛወዝ አያስደነግጥም። ጥቂት ቀን ከተነዳ በኋላ የረጅም ጊዜ ማስተካከያው በ+10 እና በ−10 በመቶ መካከል ከሆነ ሥራው ተሳክቷል። የተቀየረው የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ከነበረ ግን የዘይት መለኪያው ዘንግ ወጥቶ ይሸተት። ቤንዚን ቤንዚን ካለ ወይም ዘይቱ ከመስመሩ በላይ ከሆነ፣ የመቀየሪያው ጊዜ ባይደርስም ዘይቱ ከነፊልትሮው ይቀየር፤ 3.7 ሊትር ይወስዳል።