ጫኔ በሉኝ

ውጭ አገር የኖረ ሐበሻ ሁሉ ይህን ነገር ያውቀዋል። ሐኪም ቤት ተራህን ትጠብቃለህ። ነርሷ ወረቀት ይዛ በሩ ላይ ብቅ ትላለች። ስም ልትጠራ አፏን ትከፍትና ዝም ትላለች። ወረቀቱን ደግማ ታየዋለች። ይሄኔ አንተ ገና ሳትጠራ ብድግ ትላለህ። «እኔ ነኝ» ትላለህ። ዝምታው ራሱ ስምህ ሆኗል ማለት ነው።

እኔ ጫኔ እባላለሁ። ጎጃም ውስጥ ገበያ መሀል ቆመህ «ጫኔ!» ብትል ከአንድ በላይ ሰው ዞር ይላል። አሜሪካ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈውን አይተው አንዱ «ቼን»፣ ሌላው «ሻን»፣ ሌላዋ «ቻኒ» ይሉኛል። በዚህ አልከፋም። ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ በአፋቸው ውስጥ ያልነበሩ ድምፆች ናቸው። እኛስ ስንቱን የፈረንጅ ስም እንደ አፋችን አድርገን እንጠራ የለ?

የከበደኝ ሌላው ነው። ፓስፖርቴ ላይ ሦስት ስም አለ፤ የእኔ፣ የአባቴ፣ የአያቴ። እነሱ የመጨረሻውን የቤተሰብ ስም ነው ብለው ይወስዱታል። ስለዚህ በክብር ሊጠሩኝ ሲፈልጉ «ሚስተር አለኸኝ» ነው የሚሉት። እሱንም በወጉ አይሉትም። «ኝ» በእንግሊዝኛ በ«ጂ» እና በ«ኤን» ስለሚጻፍ «አሌሄገን» ብለው ይጨርሱታል። አለኸኝ አያቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከበሬና ከሞፈር ጋር የኖሩ ገበሬ ነበሩ። ዛሬ የስልክ ቢል፣ የባንክ ደብዳቤ፣ የመኪና ኢንሹራንስ በሳቸው ስም ይመጣል። አገር ቤት ብሆን «አቶ ጫኔ» ነበር የምባለው። ኃይሌንም እኛ «ኃይሌ» እንለዋለን፤ የውጭ ጋዜጠኞች ግን «ገብረሥላሴ» ይሉታል። ጥሩነሽ፣ ገንዘቤና እጅጋየሁ ለእነሱ ሦስቱም «ዲባባ» ናቸው። ለእኛ ዲባባ አባታቸው ናቸው።

ሰው ይህን ነገር የሚችለው በየራሱ መንገድ ነው። አንድ የዳንግላ ልጅ ጓደኛ አለኝ። ሥራ ሲያመለክት «ማይክ» ብሎ መጻፍ ጀመረ። መጀመሪያ ለሥራ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ጎረቤቱም፣ የልጆቹ አስተማሪም ማይክ አሉት። አሁን ከሐበሻ በቀር እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ የለም። አልፈርድበትም። ጠዋት ማታ ስም ማስረዳት ይሰለቻል። አንዲት የሞጣ ልጅ ደግሞ አለች፤ በትክክል ካልጠሯት ዞር አትልም። አለቃዋን ሳይቀር «እስቲ ድገመው» ትለዋለች። ፈገግ ብላ ነው የምትለው፣ ግን አትለቀውም። ሰውየውም ለመደ።

ብዙዎቻችን መሀል ላይ ነን። «ችግር የለም፣ እንደተመቸህ ጥራኝ» እንላለን። ይህች «እንደተመቸህ» የምንላት ነገር ትጎዳናለች። ሰውየው አብዛኛውን ጊዜ ክፋት የለበትም። በመጀመሪያው ቀን ብትነግረው ይማር ነበር። ወራት ካለፉ በኋላ ግን እሱም ያፍራል፣ አንተም ታፍራለህ። የተሳሳተው ስም በዚያው ይጸናል።

ለእረፍት አገር ቤት የገባሁ ጊዜ ይህ ወሬ ተነሣ። ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ነው። ቡና ተፈልቶ ዘመድ ተሰብስቧል። አጎቴ «ለመሆኑ እዚያ ማን ብለው ነው የሚጠሩህ?» አሉኝ።

«ቼን» አልኳቸው።

«ማን?»

ደገምኩላቸው። አጎቴ ሳቁ። አክስቴ ግን ደሟ ፈላ። «ታዲያ አንተ ምን ትላቸዋለህ?»

«ምንም።»

«ወይ ጉድ! ሰው በማያውቀው ስም ሲጠሩት አቤት ይላል?»

እናቴ ቡና እየቀዳች ነበር። ጀበናውን አስቀመጠች። «ይህን ስም ያወጡልህ አያትህ ናቸው» አለች። «ከአንተ በፊት ሁለት ልጅ ቀብሬያለሁ። አንተ የተወለድክ ለት አያትህ እርሻቸውን ትተው መጡ። ደጅ ላይ እንደቆሙ ‹ጫኔ በሉት› አሉ። እሳቸው ካሉ በኋላ ነው እኔም ይኖርልኛል ብዬ ያመንኩት። አንተ ለማን ብለህ ነው ዝም የምትለው?»

መልስ አልነበረኝም። ሁለተኛው ቡና እስኪደርስ ማንም አልተናገረም።

ጎጃም ስም ሲለወጥ አይቶ የማያውቅ አገር አይደለም። ራስ አዳልን ዐፄ ዮሐንስ በ1873 ዓ.ም. ሲያነግሧቸው ስማቸው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሆነ። ከተማችን ራሷ መንቆረር ነበረች፤ ደብረ ማርቆስ የተባለችው በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በላይ ዘለቀን አባ ኮስትር እንለዋለን። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ የክርስትና ስም ይወጣላቸዋል። ገጠር ውስጥ ሙሽራ ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። ይህን ሁሉ ስም የሚሰጥህ ግን ፊትህን አይቶ፣ አስቦብህ ነው። ወይ ንጉሥ ነው፣ ወይ ቄስ፣ ወይ አማት። «ቼን» ያለኝ ሰው ግን ከወረቀት ላይ አንብቦ ያለፈ ነው። እኔ ዝም ስላልኩ ስም ሆነ።

ተመልሼ ሥራ የገባሁ ለት ለፈረቃ አለቃዬ ነገርኩት። «ስሜ ቼን አይደለም፣ ጫኔ ነው» አልኩት። ደነገጠ። «ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልክ?» አለኝ። ከዚያ እንዴት እንደሚባል እንዳሳየው ጠየቀኝ። ምላስህን ከላንቃህ አጣብቅ፣ ትንፋሽህን ያዝ፣ በድንገት ልቀቀው አልኩት። መጀመሪያ «ቻኔ» አለ። ደግሞ «ቻኔ» አለ። በሻይ ሰዓት ጥግ ላይ ቆሞ ብቻውን ሲሞክር አየሁት። ከሰዓት በኋላ ከመጋዘኑ ወዲያ ጫፍ «ጫኔ!» ብሎ ተጣራ። ጥርት ያለች ጫ ነበረች። ምን እንዳልኩት አላስታውስም፤ ብቻ ጮክ ብዬ «አቤት!» ማለቴን አውቃለሁ።

አጠገቤ የሚሠራው ቬትናማዊ ይህን ሁሉ ሲያዳምጥ ውሎ ኖሯል። ማታ ስንወጣ ጠጋ አለኝና «የእኔንም ስም ትክክል አትሉትም» አለ። አስደገመኝ። በነሱ ቋንቋ ድምፁ ከፍ ሲልና ዝቅ ሲል ቃሉ ሌላ ይሆናል። እስካሁን በደንብ አልወጣልኝም። በምሳ ሰዓት እየተቀመጥን እሱ የኔን፣ እኔ የሱን እንለማመዳለን።