አክስቴን ደሃ ያለቻት ጎረቤት

አክስቴ ከአዲስ አበባ ሜሪላንድ ድረስ የመጣችው አራስ ልትጠብቅ ነው። እህቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ እልልታው በሽበሽ ነበር። ጥር ላይ በረዶ ጣለ። አክስቴ ቆሻሻ ልትጥል በነጠላ ጫማ ወጣች። በክንዷ ወደቀች። እጇ ጀሶ ታሰረ፤ አራሷ ተነስታ ጠባቂዋን ማስታመም ጀመረች።

ከሆስፒታል ስንመለስ የፊት ለፊት ጎረቤታችን፣ አንዲት ፈረንጅ ባልቴት፣ በረንዳዋ ላይ ቆማለች። ጀሶውን ስታይ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ኦ፣ ዩ ፑር ቲንግ!» አለች።

የአክስቴ እንግሊዝኛ የድሮ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ነው። ተቃራኒ ቃላት በዜማ የሚሸመደዱበት ዘመን። ቢግ፣ ስሞል። ሪች፣ ፑር። ሌላው ሁሉ ተኗል፤ እነዚህ ግን ቀርተዋል። ቲንግ ዕቃ መሆኑንም ታውቃለች።

«ምን አለችኝ? ደሃ ዕቃ?»

«እትዬ፣ አዝናልሽ ነው እኮ።»

«ለድህነቴ ነዋ የምታዝነው! ነጠላ ጫማዬን አይታ ነው።»

ስንት ድግስ የደገሰች ሴት ናት። ሰፈር ውስጥ ድንኳን ሲተከል ድስት የሚለመነው ከሷ ቤት ነበር። አሁን የአንዲት ፈረንጅ አፍ ይህን ሁሉ ሊያጠፋው ነው። «ቅዳሜ ቡና ጥራልኝ» አለች። ድምፅዋ የጦር አዋጅ ይመስላል።

ቅዳሜ ደረሰ። አክስቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ እያዘዘች ዶሮው ተሠራ። ጥልፍ ቀሚሷ በጀሶው አላልፍ ቢል እጅጌውን በመቀስ ተረተርነው። ያላትን ወርቅ ሁሉ አደረገች፤ እህቴም የሷን አዋሰቻት። ባልቴቷ ሹራብ ያለበሰቻትን ትንሽ ውሻ ታቅፋ መጣች። ፈንዲሻውን፣ ጭሱን፣ ዶሮውን አየች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«በተሰበረ እጅሽ ይህን ሁሉ? ዩ ፑር ቲንግ!»

አክስቴ ወደኔ ዞረች። «ዶሮ አብልቻትም?»

ሌላ ወሬ ላምጣ ብዬ አልበም ዘረጋሁ። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ያለው የአክስቴ ባል ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ማረፉን ስነግራት ባልቴቷ ራሷን ነቅንቃ «ፑር ማን» አለች። እንግሊዞቹ የሞተ ዘመዳቸውን ሲያነሱም እንዲህ ይላሉ፤ የኛን «ነፍሱን ይማረው» ቦታ ይይዝላቸዋል። ይህን ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም። አክስቴ ሲኒውን አስቀምጣ «የልብስ ስፌት መኪና የነበረው ሰው ነው በላት» አለች። እኔም አልኳት። ባልቴቷ ግራ ገብቷት «ኦ፣ ናይስ» አለች።

ያዳነችን ውሻዋ ናት። ማንም ሳያያት ከወጡ ላሰች። ከዚያ ማስነጠስ ነው፤ ማቆሚያ የለውም። ባልቴቷ አንስታ እያሻሸቻት «ፑር ቤቢ! ፑር ቤቢ!»

አክስቴ ውሻዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ሹራብ። ጫማ፣ ያውም አራት። «ይቺም ደሃ ናት?»

«ኢንሹራንስ ሁሉ አላት» አልኳት።

«እንግዲያው ቃሉ ሌላ ነው» አለች። እኔ በስንት ማብራሪያ ያቃተኝን ውሻ በማስነጠስ ፈታችው።

ማታ ነገሩ ከነከነኝና ቃሉን መበርበር ጀመርኩ። ፑር እንግሊዝኛ የገባው በፈረንሳይኛ በኩል ነው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ኖርማኖች በፈረንጆች 1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ከገቡት ብዙ ቃላት አንዱ ነው። የፈረንሳይኛው ሥር ደግሞ ላቲን ነው፦ ፓውፐር፤ ጥቂት የሚያፈራ እንደ ማለት። ደሃ ያየ ሰው አንጀቱ ይላወሳልና ቃሉ ከኪስ ወደ አንጀት ተሻገረ። ፈረንሳዮች ብልጥ ናቸው፣ በቦታ ይለዩታል። ፖቭር ከሰውየው በፊት ከመጣ ያሳዝናል፣ ከሰውየው በኋላ ከመጣ ገንዘብ የለውም። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱንም ከፊት ያስቀምጥና ሰው ከጎረቤቱ ያጣላል።

ለአክስቴ ነገርኳት። «የኛ ቋንቋ እንዲህ አያደርግም» አለች። አያደርግም? «ምስኪን» ምንድን ነው? በዐረብኛ ሚስኪን ችግረኛ ነው፤ ቁርኣን ዘካ ይገባቸዋል ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት በባቢሎን ሙሽኬኑ የሚባል ነበር፤ በሐሙራቢ ሕግ ከጌታ በታች፣ ከባሪያ በላይ ያለ ሰው። እኛ ጋ ሲደርስ የዋሁና አሳዛኙ ሰው ሆነ፤ ባለ ፎቅም ቢሆን ምስኪን ሊባል ይችላል። ዐረብኛው ወደ አውሮፓ ተሻግሮ ደግሞ ጭራሽ ተበላሽቷል። ፈረንሳዮች ሜስኪን የሚሉት ቋጣሪውን ነው።

«ምስኪን እንዴት ቋጣሪ ይሆናል!» አለች። ከባልቴቷ ይልቅ በፈረንሳዮች ተናደደች።

«ደሃ አደግስ?» አልኳት። «ወላጅ የሌለው ማለት አይደል? ሀብት ቢወርስም ያው ነው።»

ዝም አለች። ከዚያ «ፑር ቲንግ» ብላ ለራሷ ሞከረችው። ጣማት።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት። ሕፃኑ ሲያለቅስ ፑር ቲንግ። እህቴ ስታዛጋ ፑር ቲንግ። ባልቴቷ ጋ በረንዳ ለበረንዳ ፑር ቲንግ ይባባላሉ፤ ወሬያቸው ሁሉ ይቺው ናት።

ጀሶው የሚፈታበት ቀን ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ዓይኑ ቀልቷል። ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ እንደነበረ ነገረን። የአክስቴ አንጀት ተላወሰ። በደህናው እጇ ክንዱን ይዛ፣ ጮክ ብላ፣ «ዩ ፑር ዶክተር!» አለችው።

ለካ ሌላም ትርጉም አለው። ፑር ሐኪም ማለት ሥራውን የማይችል ሐኪምም ማለት ነው።

ሰውየው ፈገግታው ጠፋ። ኤክስሬዩን አነሳና እንደገና ያየው ጀመር። ክንዷን ያዝ፣ ጠምዘዝ፣ አጠፍ አደረገው። «የት ጋ ያምሻል?» ይላል። ከዚያ ወጥቶ በዕድሜ የሚበልጠውን ሐኪም ይዞ ተመለሰ።

አክስቴ ጆሮዬ ሥር መጥታ «ምን ሆነ? አዘንኩለት እኮ» አለች።