ገብርኤል በሁለት ሚስማር አወጣኝ

ዘንድሮ ታኅሣሥ 19 ቀን ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ አስገባሁ። የእናቴ ስለት ነው። ስለቱ ደረሰ፣ እኔም በእግሬ ቆሜ አደረስኩት።

ድሬ ዳዋ ስገባ የሰፈራችን ሰው ሁሉ «ከምን አወጣህ?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። «ሐይቅ ላይ ስሄድ በረዶው ተሰብሮ ገባሁ» እላለሁ። ይስቃሉ። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር ተቀምጦ፣ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ማን ይህን ያምናል? አንዱ አብሮ አደጌማ «አቦ! ሐይቅ ላይ በእግርህ? ጴጥሮስ ነህ እንዴ?» አለኝ። ጴጥሮስም እኮ ሰምጦ ነበር፤ እሱን ረሳው። ለማንኛውም ደጋግሜ ከማወራው ልጻፈው ብዬ ነው።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው። ክረምቱ ሲጠና ሐይቁ ላይ በረዶ ይጋገራል። ከስር ግን ውሃው እንዳለ አለ። በረዶ ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፣ ከታች ወደ 4 ዲግሪ የሚጠጋ ውሃ ይቀራል፣ ዓሣውም እዚያ ከርሞ ይወጣል። ሰዉ በረዶውን በመሰርሰሪያ ይበሳና፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ፣ በቀዳዳው መንጠቆ ይሰዳል። መጀመሪያ ሳይ እብደት መሰለኝ። በሁለተኛው ክረምት እኔም ጀመርኩ። የሰው አገር ክረምት ረጅም ነው፤ ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ከማየት ይሻላል።

ያስተማሩኝ የሥራ ባልደረባዬ ናቸው። ፈረንጅ ናቸው፣ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በእንግሊዝኛ አንተም አንቱም አንድ ነው፣ እኔ በሆዴ ግን አንቱ ነው የምላቸው። ብዙ አይናገሩም። ስለ በረዶ ሲሆን ግን አያልቅባቸውም። ለሚራመድ ሰው ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ጠንካራና ጥርት ያለ አዲስ በረዶ ያስፈልጋል ይላሉ። ነጣ ያለው፣ በረዶና ዝናብ ተደባልቆ የጋገረው፣ ጥንካሬው የጥሩው ግማሽ ነው። ደግሞ ሐይቁ አንድ ወጥ አይደለም። እዚህ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነው፣ ትንሽ ራቅ ስትል 5 ሊሆን ይችላል። ጅረት የሚገባበት፣ ምንጭ ያለበት፣ ቄጠማ የበቀለበት ቦታ ይሳሳል። ስለዚህ በየጥቂት እርምጃው ፊት ለፊትህን በዲጂኖ እየወጋህ ነው የምትሄደው።

አንድ ቀን ከኪሳቸው ሁለት አጫጭር የእንጨት እጀታዎች አወጡ። በእያንዳንዱ ጫፍ ሹል ሚስማር ተተክሏል፣ ሁለቱ በገመድ ተያይዘዋል። «አንገትህ ላይ አድርገው፣ ቦርሳ ውስጥ አይደለም» አሉኝ። አንገቴ ላይ ማተብ አለ። ሌላ ነገር መጨመር ደስ አላለኝም። ለእማዬ በስልክ ብነግራት «ሽማግሌ ያለህን ስማ» አለችኝ፣ አለቀ።

እማዬ ውሃ ትፈራለች። ያለ ምክንያት አይደለም። ደቻቱን፣ ድሬን መሃል ለመሃል የሚያቋርጠውን ደረቅ ወንዝ፣ የሚያውቅ ያውቃል። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ልጅ ሆነን ኳስ የምንጫወተው እሱ ላይ ነበር፣ ሰዉ ይነግድበታል፣ ያቋርጥበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ ሌሊት፣ ከላይ ከሐረርጌ ደጋ የዘነበው ወርዶ ሰው በተኛበት መጣ። ከሁለት መቶ በላይ ሰው አለቀ፣ ቤቱ ስንት ሄደ። ከዚያ ወዲህ እማዬ ማታ ማታ ስትጸልይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምራለች፦ «ገብርኤል ሆይ፣ መሬት መስሎ ከሚቆይ ውሃ ልጆቼን ጠብቅልኝ።» ልጅ ሳለሁ ትርጉሙ አይገባኝም ነበር። ሠለስቱ ደቂቅን ያወጣቸው ከእሳት ነው፤ ውሃን ምን አመጣው እል ነበር።

አምና ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ነው፣ ቅዳሜ። ከሽማግሌው ጋር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ልንገናኝ ተቀጣጥረናል። እኔ ቀድሜ ደረስኩ። መጠበቅ ነበረብኝ። ብቻህን አትግባ የሚባለው የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ግን የሌላ ሰው የእግር ዱካ በረዶው ላይ አየሁ። እሱን ከቻለው እኔን አይጥልም አልኩ። ዲጂኖውም መኪና ውስጥ ቀረ። ሰነፍ ሰው ሰበብ አያጣም። ዱካው የዚያን ዕለት ይሁን የሌላ ቀን፣ ሰውዬው ይክበድ ይቅለል፣ ምኑን አውቄ።

ጅረቱ ወደሚገባበት በኩል እንደሄድኩ ያወቅኩት በኋላ ነው። ድምፅ አልሰማሁም። ከእግሬ ስር ያለው ሁሉ ድንገት ጠፋ።

ቅዝቃዜ አልለውም። እንደ ጡጫ ነው፣ ደረት ላይ። ትንፋሼ በራሱ ወደ ውስጥ እየሳበ አልወጣ አለ። መጸለይ ፈልጌ «ገብ…» ብዬ ቀረሁ። ስሙን እንኳ አልጨረስኩትም። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ የኔ ጸሎት ሁለት ፊደል ነበር።

ከዚያ የሽማግሌው ነገር መጣልኝ። አንድ፣ አስር፣ አንድ ይሉ ነበር። አንድ ደቂቃ ትንፋሽህን እስክትቆጣጠር፣ ምንም አትሞክር። አስር ደቂቃ እጅና እግርህ ይታዘዝሃል። ራስህን እስክትስት ወደ አንድ ሰዓት አለህ። ሰው የሚሞተው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ተደናግጦ ውሃ ስለሚጠጣ ነው ይላሉ። የበረዶውን ጫፍ ይዤ ዝም አልኩ። ትንፋሼ ተመለሰ።

ዞርኩ። ወደ መጣሁበት አቅጣጫ። ወደፊት ያለውን አላውቀውም፣ የኋላው ግን ቅድም ተሸክሞኛል። በባዶ እጄ ሞከርኩ፤ እርጥብ በረዶ ሳሙና ነው፣ ጣትህ ይንሸራተታል። አንገቴ ላይ ዳበስኩ። መጀመሪያ የነካሁት ማተቤን ነው። ቀጥሎ ሚስማሮቹን።

በሁለት እጄ ይዤ በረዶው ላይ ወጋሁ። ያዘ። እግሬን እንደሚዋኝ ሰው እየመታሁ ሰውነቴን አጋደምኩት። አንዴ ጫፉ ተሰብሮ መለሰኝ። ሁለተኛው ግን ቻለኝ። በሆዴ ወጣሁ።

ልነሳ ስል ጩኸት ሰማሁ። «አትቁም! ተንከባለል!» ሽማግሌው ዳር ደርሰዋል። እሳቸው ወደኔ አልመጡም። ቢመጡ ሁለታችንም ነበር የምንገባው። ገመድ ወረወሩ። እንደ በርሜል እየተንከባለልኩ ዳር ደረስኩ።

መኪናቸው ውስጥ እርጥብ ልብሴን አስወልቀው በብርድ ልብስ ጠቀለሉኝ። አምቡላንስ እስኪመጣ «ትንሽ አልኮል ይኖራል?» ብዬ ጠየቅኩ። ተቆጡኝ። ለካ አልኮል የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ያባክናል። ሐኪም ቤት ውዬ ማታ ቤቴ ገባሁ።

እማዬ በዚያች ሰዓት ደንግጣ ተነሳች ብዬ ብጽፍ ደስ ይላችሁ ነበር። አልተነሳችም። እኔ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ውሃ ውስጥ ሳለሁ ድሬ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ከጎረቤት ጋር ሁለተኛውን ቡና እየጠጡ ነበር፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እያወሩ። እሷው ናት የነገረችኝ። ግን የጸለየችው ያን ዕለት አልነበረም። ስንት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ስትል ኖራለች። መልሱ ከኔ በፊት ነው የደረሰው። አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፣ እኔ ያከበደኝ መስሎኝ።

ስልኩን ስዘጋ ተሳለች። በመጪው ታኅሣሥ ይዤህ ቁልቢ እወጣለሁ አለች።

ዘንድሮ ሚስማሮቹን ይዤላት መጣሁ። ሳቢያን ሰፈር ቤታችን ደጃፍ ተቀምጣ አገላብጣ አየቻቸው። ጫፋቸውን በአውራ ጣቷ ነካች። በርጩማውን አንዴ ወጋችበት። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቀችኝ።

«የራሳቸውን ነው የሰጡህ?»

አስቤው አላውቅም። አመቱን ሙሉ! እዚያው ደወልኩላቸው። ሳቁ። አዎ፣ የራሳቸው ነበር፤ ሌላ እስኪገዙ ሁለት ሳምንት ያለ ሚስማር ነው የወጡት።

እማዬ ዝም አለች።

በዋዜማው ሌሊት የደንገጎን ዳገት ወጣን። እሷ በመኪና፣ እኔ በእግሬ ከሚሄደው ሕዝብ ጋር። ድንጋይ የተሸከመ አለ፣ ልጁን ያዘለ አለ። ቁልቢ ብርድ ነው፣ ጋቢዬን ተከናነብኩ፤ ከሚኒሶታ መጥቼ ቁልቢ ስንቀጠቀጥ ሰው ሳቀብኝ። ጃንጥላውን አስገባን። እማዬ ወደ ጧፍ ሻጮቹ ተመለሰች። ሁለት ገዛች፣ አንዱን ለኔ ሰጠችኝ።

«ይሄኛውስ የማነው?» አልኳት።

«የሰውዬው» አለችና አበራችው።