የእማማ ቁጥር

እማማን ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራቸውን (አሜሪካ ውስጥ ለታክስና ለጡረታ የሚያገለግለውን መለያ ቁጥር) ከመጠየቅ ብድር መጠየቅ ይቀለኝ ነበር።

ጎረቤቴ ናቸው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ እኛው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። እኔ ዲሲ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። ሥራ ስሄድ የ7 እና የ4 ዓመት ልጆቼን የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው። በሳምንት 160 ዶላር፣ በእጅ።

በፊት ታክስ የሚሠራልኝ ሰው ነበር። ለልጅ ጥበቃ የከፈልኩት ከታክስ ይቀነስልኝ እንደሆነ ስጠይቀው፣ «የጠባቂዋ ቁጥር ከሌለሽ ተይው» አለኝ። ተውኩት። ወረቀቱ ላይ ሳይፈርም ገንዘቡን ተቀብሎኝ ሄደ። ከፍለሽ ካሠራሽ ሠሪው የመፈረም ግዴታ አለበት፤ ያኔ ማን ነገረኝ!

የ2024ን ግን ቫይታ በሚባለው ነፃ አገልግሎት አሠራሁ። በጎ ፈቃደኛዋ አንድ ነገር ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ከገቢ ላይ የሚቀነስ አለ፣ ከራሱ ከታክሱ ላይ የሚቀነስ አለ። ክሬዲት የሚሉት ሁለተኛውን ነው። (እናቴ በስልክ «ክሬዲት አገኘሁ» ስላት «ዱቤ ገባሽ እንዴ?» ብላ ደነገጠች።) ክሬዲቱም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ታክስሽን ዜሮ አድርሶ ያቆማል፤ ሌላው ከዜሮ አልፎ እጅሽ ይገባል።

ገቢዬ 38,000 ነበር፤ ታክሴ 1,610 ወጣ። ለሁለት ልጅ ጥበቃ የሚታሰበው ወጪ እስከ 6,000 ብቻ ነው፤ በ2024 በእኔ ገቢ 23 በመቶው፣ ማለትም 1,380፣ ከታክሱ ተነሳ። ይኼ ዜሮ ላይ የሚያቆመው ዓይነት ነው። የልጆች ክሬዲት ደግሞ በልጅ 2,000 ነበር (ለ2025 ወደ 2,200 ከፍ ብሏል)፤ በጥሬው የሚመለሰው በልጅ እስከ 1,700 ነው። የእማማ ባይኖርም ይኼኛው ታክሴን ያጠፋው ነበር። ስለዚህ 1,380ው ሁሉ ትርፍ አይደለም፤ ተደምሮ ተቀንሶ የእማማ ቁጥር ያመጣልኝ 1,010 ዶላር ነው። ኢ አይ ቲ ሲ የሚባለው፣ ገቢው አነስ ላለ ሠራተኛ የሚሰጠው፣ ለብቻው ወደ 3,700 ጨመረልኝ። እሱ ያለበት ሪፈንድ (ተመላሽ ገንዘብ) ግን በሕግ እስከ የካቲት አጋማሽ ስለሚያዝ ጥር ላይ ዕቃ በዱቤ አትግዙ።

ለእናቴ በየወሩ የምልከውንም ጠየቅኩ። ኢትዮጵያ የምትኖር እናት፣ የአሜሪካ ዜጋም ግሪን ካርድ ያላትም ካልሆነች፣ ዲፔንደንት (ታክስ ላይ በእኔ ሥር የምትቆጠር ቤተሰብ) አትሆንም። በቃ።

ወደ እማማ ልመለስ። የልጅ ጠባቂ ስምና ቁጥር የሚሞላበትን ደብሊው 10 የሚባለውን ቅጽ ይዤ፣ ሁለት ሳምንት ፈርቼ፣ ቡና ሲያፈሉ ገባሁ።

«ልትከሺኝ ነው ልጄ?»

«ኧረ እማማ!»

እምቢ ቢሉኝም የሚቻለኝን ያህል መጠየቄን ካሳየሁ ክሬዲቱ አይቀርብኝም ነበር። ግን ጉዳዩ የእሳቸውም ነው፤ ገንዘቡን ማሳወቅ ነበረባቸው። አስቡት፣ 8,000 ዶላር ላይ የግል ሥራ ታክሱ ብቻ ከ1,100 ይበልጣል። ከእኔ ትርፍ ይበልጣል! አፈርኩ። ደግነቱ 61 ዓመታቸው ነው፤ ልጅ ባይኖርም ከ25 እስከ 64 ዓመት ላለ ሠራተኛ ትንሽ ኢ አይ ቲ ሲ አለው። 570 ገደማ ወጣላቸው፣ ግማሹን ሸፈነ። ለቀሪው ብዬ ሳምንቱን 180 አደረግኩት።

እሳቸውን ያሳመናቸው ግን ይኼ አይደለም። ለጡረታ 10 ዓመት ታክስ የተከፈለበት፣ የተመዘገበ ሥራ ያስፈልጋል። ሆቴል ያጸዱበት ስድስት ዓመት አላቸው። አራት ቀራቸው ማለት ነው።

በቀጣዩ ጥር፣ የገና ዶሮ ገና ከፍሪጅ ሳያልቅ፣ በሬን አንኳኩ። ደብተር ይዘዋል። «ስንት ሰጠሽኝ በዓመቱ? እዚህ ጻፊው። አንድም እንዳታጎድዪ።»