መጀመሪያ ፍየሎቹን ጫኑ

ኦሞ ወንዝ ቱርካና ሐይቅ ሊገባ ሲል ባሉት ደሴቶች የሚኖረው የዳሰነች ሰው፣ ጎርፉን እንጂ ዝናቡን አያየውም። ዝናቡ የሚዘንበው ላይ ነው፣ ገባሮቹ ጊቤና ጎጀብ በሚነሱበት ደጋ። ታች ፀሐዩ እየከረረ ወንዙ ይሞላል። ድሬዳዋ በጎርፍ በተመታች በሳምንቱ፣ ነሐሴ 1998፣ ኦሞ 364 ሰው የጨረሰው በዚህ ዓይነት ነው።

ለአደጋ መከላከል ሥራ እዚያ ስመደብ የያዝነው ዕቅድ አጭር ነበር፤ ጀልባ ላክ፣ ሰው አውጣ። ሰዉ ግን አይወጣም። ጀልባዋ ባዶዋን ትመለስና «ነዋሪው ፈቃደኛ አይደለም» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። አንድ ሽማግሌ በአስተርጓሚ ጠየቅሁ። «ልጄ፣ ከብቴ እዚያ ቀርቶ እዚህ በምን ልኖር ነው?» አሉኝ። የእርዳታ ስንዴ ስንት ቀን እንደሚቆይ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው። ፍየልና ጥጃ በጀልባ፣ ትልልቁ ከብት ደግሞ ውሃው ሳይበረታ እየዋኘ፣ ወጣቶች በታንኳ እየነዱት። አዞ ስላለ በቀን ብቻ። ደረቁ መሬት ላይ ግጦሽና የእንስሳት ሐኪም አስቀድመን አዘጋጀን፤ የተለያየ መንጋ አንድ ላይ ሲታጎር በሽታ አይቀርም። ፍየሎቹ ሲሻገሩ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ራሳቸው መጡ። ማንም አልለመናቸውም።

ከጎርፉ ይልቅ ያስቸገረኝ በጀት ነው። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ አዲሱ እስኪለቀቅ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። ጎርፉ ነሐሴ ላይ ከች ይላል። ስለዚህ የጀልባ ቤንዚን ግንቦት ላይ ገዝቼ በበርሜል አስቀመጥኩ። አንዳንዱ «ምን አስቸኮለህ?» ብሎኛል።

እህሉንም በዱቄት አስቀየርኩ። ወፍጮ በሌለበት፣ ማገዶው ሁሉ በራሰበት፣ ጥሬ ስንዴ ምን ይሠራል? ንፍሮ ለመቀቀል እንኳ ብዙ እንጨት ይፈልጋል።

ለታንኳ ቀዛፊዎቹ አበል መክፈል ሌላ ጣጣ ነበር። ፋይናንስ ደረሰኝ አምጡ ይላል። የታንኳ ደረሰኝ ከየት ይመጣል? ብዙ ከተከራከርን በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር የፈረመበት፣ የቀዛፊው የጣት አሻራ ያለበት የስም ዝርዝር ተቀባይነት አገኘ። ቅጹ አሁን ከክረምት በፊት ተባዝቶ ይቀመጣል።